ደሃ ልጅ የማይገኝበት ቀበሌ

ሲሞንን ማማት አልፈልግም። ጎረቤቴ ነው፤ ባለቤቴ አባቢያ ታሞ በተኛበት ዓመት ቡናችንን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ በጆንያ ከቶ ያስረከበኝ እሱ ነው። ላመሰግነው ስጀምር አፌን በእጁ ሊዘጋው ምንም አልቀረው። ግን ሲሞንን ሳላማ የሲሞንን ታሪክ መናገር ስላልሆነልኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ዛሬ አማዋለሁ።

ቀበሌያችን ከሚዛን ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ወደ ጫካው ገባ ብሎ ነው። እኔ ከጅማ በኩል ተድሬ መጥቼ ሱቅ ከፈትኩ፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ኮንጎ ጫማ እሸጣለሁ። የሱቁ ትልቁ ጥቅም ወሬ መስማት ነው፤ ሌላው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሲሞን ቤት ከሱቄ ጀርባ ስለሆነ ኑሮውን ከራሴ ኑሮ እኩል አውቀዋለሁ። ቁራጭ የቡና ማሳ፣ ጥቂት እንሰት፣ ጓሮው ውስጥ ጎደሬ፣ ዘማሪ ሚስት ቲጂ፣ ከዚያ ደግሞ ልጆች። ቡና ሲደርስ ደህና ይበላሉ፣ ክረምት ሲገባ በጎደሬ ይገፋሉ፣ ነሐሴ ላይ ጎደሬውም ያልቅና በጸሎት ይገፋሉ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ከጣሪያቸው ጭስ የማይወጣባቸውን ምሽቶች ከጓሮዬ ሆኜ አያለሁ።

ከሲሞን አፍ ግን "የለንም" የሚል ቃል አይወጣም። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቀበለው እሱ ነው፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሁለቴ ተገልብጦ የተሰፋ ቢሆንም እንደ ሚኒስትር ነው የሚቆመው። "እንዴት ከረማችሁ የማራናታ አባት?" ስትሉት፣ ሆዱ ጀርባው ላይ ተለጥፎ "ጌታ ይመስገን፣ ሞልቶ ተርፎ!" ይላል። ምን እንደተረፈው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሰፈራችን አንድ ደንብ አለ። እንግዳ የሚመጣበት ቤት ባዶ ሆኖ አይታይም። የአንዱ እንግዳ የሁሉም እንግዳ ስለሆነ እያንዳንዱ ያለውን ያወጣል፦ አግዳሚው ወንበር ከኛ ቤት፣ ሬዲዮው ከሊቀመንበሩ ከተረፈ ቤት፣ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ከጥሩነሽ፣ ፔርሙሱ ከእኔ። እቃው በጓሮ በኩል በእንሰቱ መሀል ይሄዳል፣ እንግዳው በፊት በር ይገባል። ፔርሙሴ አረንጓዴ ነው፤ እጀታው ተሰብሮ በቀይ ክር ታስሯል። የኔ ነው ልበል እንጂ ከኔ ቤት ያደረባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የዚህ ደንብ ዋና ጠባቂ ደግሞ ሲሞን ነው። የማንም እንግዳ ይሁን፣ አግዳሚውን ተሸክሞ ሲሮጥ የምታዩት እሱን ነው።

ልጆቹንም በዚሁ ነው ያሳደጋቸው። ሲሞን ልጅ አይመታም፤ አይኑን ነው የሚያፈጠው። ትንሽ ልጅ ሳለ እናቱ በመንግስት ቡና እርሻ ለቃሚ ነበሩ። አንድ ቀን የአለቃው ሚስት ዳቦ ሰጥታው ተቀበለ አሉ፤ እናቱ ቤት እስኪደርሱ ጠብቀው ጭኑን ቆነጠጡት። ጠባሳው አሁንም አለ ይላል፣ ሲናገረው ደግሞ ሜዳልያ የተሸለመ ነው የሚመስለው። እሱ በቁንጥጫው ፈንታ አይን ተካ። ልጆቹ ሰው ቤት ሆነው የምግብ ሽታ ሲመጣ እሱ በሩቁ አይኑን ያፈጣል፤ በቃ፣ ሁሉም ባንድ አፍ "በልተን ነው የመጣነው" ይላሉ። አባታቸው በሌለበትም ይሉታል። የኔ ሻሚል ከነሱ ጋር ሲጫወት ውሎ ቂጣ ሳቀርብ፣ "በሉ ልጆች" እላለሁ፤ "በልተናል እትዬ ከድጁ!" ይላሉ። አፋቸው እንዲህ ይላል፣ አይናቸው ግን ከቂጣው ላይ አይነሳም። አንድ ጊዜ ተናድጄ የትልቋን የማራናታን እጅ ይዤ ቂጣ ላስይዛት ስል ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች። ያን ቀን ሲሞንን ልሰድበው ወጥቼ፣ አግዳሚ ተሸክሞ ሲያልፍ አይቼው ተመለስኩ።

ማራናታ ጎበዝ ናት። ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቀበሌው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ዘጠነኛ መማር የፈለገ ሚዛን ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ቀለብ ከቤቱ እየተላከለት ነው የሚማረው። በ2004 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ስትዘጋጅ፣ አስተማሪዋ ሱቄ በር ላይ ቆሞ "ይህች ልጅ እዚህ ከቀረች ኃጢአቱ የሁላችንም ነው" ብሎኛል። የዚያን ዓመት ግን የሲሞንን ቡና በሽታ መታው፤ ፍሬው ጠቁሮ እንጨቱ ላይ ቀረ። ሚዛን ቤት መከራየት ይቅርና ለመንገዱ የባጃጅ ገንዘብም አልነበረው። ሲሞን ሲጠየቅ፣ "ትሄዳለች፣ ለምን አትሄድም?" ይል ነበር። ቲጂ እዚያው አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

እንዲህ ባለበት ሰዓት ሊቀመንበራችን ተረፈ ስብሰባ ጠራ። ተረፈ ቀበሌያችንን በሪፖርት ሞዴል ያደረገ ሰው ነው። በሪፖርቱ ሁላችንም ሞዴል ገበሬ ነን፣ ሁላችንም መጸዳጃ ቤት አለን፣ ዶሮዎቻችንም ሳይቀሩ የተሻሻለ ዝርያ ናቸው። "የተከበሩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የልጆቻችንን ኑሮ ሊያጠኑ ነው፤ ቀበሌያችንን እንዳታዋርዱ!" አለ። ለምን እንደሚያጠኑ ማንም አልጠየቀም። እሱም አልጠየቀም፤ የተላከለትን ደብዳቤ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ይመስለኛል።

እንዳታዋርዱ ከተባለማ ሲሞንን ማን ይቻለው? አጥኚዎቹ በመጡ ጊዜ የሰፈሩን እቃ መሪ ሆኖ ተሾመ፣ ማንም ሳይሾመው። አጥኚዎቹ ከቤት ወደ ቤት በፊት በር ሲዞሩ፣ እቃው በጓሮ እየቀደማቸው ዞረ። አግዳሚው፣ ሬዲዮው፣ ብርድ ልብሱ፣ አጎበሩ፣ የኔ ፔርሙስ። ከሱቄ የተወሰዱት ኮንጎ ጫማዎችም ሳይቀሩ ከልጅ እግር ወደ ልጅ እግር ተላለፉ፤ ለአንዱ ሰፊ ለሌላው ጠባብ እየሆኑ፣ አንዱ ልጅ እንደ ዳክዬ እየተራመደ ወጣ። አጥኚዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ሻይ ሲቀርብላቸው ይጠጣሉ፣ "ወንበር አላችሁ?" ይላሉ፣ የተቀመጡበትን ወንበር ይጽፋሉ። "ልጆቹ ጫማ አላቸው?" ይላሉ፣ ጫማውን አይተው ይጽፋሉ። ፎቶም አነሱ። አለቃቸው የነበረው ዶክተር፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ "የሚገርም የኑሮ እኩልነት ነው!" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ፔርሙስ መኖሩ በጣም ነክቶታል። እጀታው በአንድ ዓይነት ቀይ ክር መታሰሩን ግን አላየም።

የጥናቱ ውጤት ሐምሌ ላይ መጣ። ተረፈ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "በቀበሌያችን ደሃ ልጅ አልተገኘም!" ብሎ አነበበ። ጭብጨባው ዝናቡን አስረሳን። ሲሞን ቆሞ ነበር ያጨበጨበው። ከዚያ ተረፈ ቀጣዩን መስመር አነበበ፣ እያነበበም ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። አጥኚዎቹን የላከው ድርጅት ስምንተኛ ክፍል ለጨረሱ የደሃ ቤተሰብ ልጆች ሚዛን ላይ የቤት ኪራይና ቀለብ ሊሰጥ ነው። የሚሰጠው ደሃ ልጅ ለተገኘበት ለወንዙ ማዶ ቀበሌ ነው። የማዶዎቹ ሊቀመንበር ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቧል ማለት ነው፤ አጥኚዎቹ በሄዱ ጊዜ እዚያ ወንበር ያለው ሰው አልተገኘም አሉ፤ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ነጋዴውም ጎረቤቱ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ነበር የጠበቃቸው።

ሲሞን ያጨበጨበበትን እጅ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ማራናታ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ካለፈች ገና ጥቂት ቀኗ ነበር፤ በአዳራሹ መስኮት በኩል ከልጆች ጋር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

እኔ ደግሞ ስናደድ እንቅልፍ አይወስደኝም። በማግስቱ በሚኒባስ ሚዛን ወርጄ የድርጅቱን ቢሮ አገኘሁ። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ልጅ "ፎቶዎቹን አምጣ" አልኩት። "እትዬ፣ መረጃው በሳይንሳዊ መንገድ የተሰበሰበ ነው" አለኝ። "ፎቶውን አምጣ!" አልኩት፤ ጮክ ብዬ ነው። አመጣ። በየፎቶው ጣቴን እያስቀመጥኩ "ይሄ ፔርሙስ የኔ ነው፣ ይሄም የኔ ነው፣ ይሄም ያው የኔ ነው፣ ክሩንም ያሰርኩት እኔ ነኝ" አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አልሳቀም። አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። በመጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ባለሙያ መጥታ የተወሰኑ ቤቶችን እንደገና ልታይ ተስማሙ። የሲሞንን ቤት ራሴ አስጻፍኩ። በእሷ ወረቀት ላይ ድህነቱ ከወጣ ማራናታ መስከረም ላይ ሚዛን ትገባለች፤ ካልወጣ በቃ።

ሲሞንን ማሳመን ግን ከባዱ ስራ ነበር። "ምንም እንዳታስገባ። ባዶውን ትየው" አልኩት።

"የሻሚል እናት፣ እሺ ትየው። ግን በምን ትቀመጥ? አግዳሚው ብቻ?"

"አግዳሚውም አይሄድም።"

"ፔርሙሱ ብቻ። ሻይ ሳትጠጣ እንዴት ሰው ከቤቴ ይወጣል?"

"እምቢ!" አልኩት፣ ፔርሙሱንም አልጋዬ ስር አስገባሁት። "ልጅህን ትወዳታለህ ወይስ አትወዳትም?"

"ከነፍሴ በላይ" አለኝ፤ አይኑ ዕንባ አቀረረ። ደግ ሰው ነው እኮ፣ ያናድዳል እንጂ።

የመጣችው ባለሙያ ሀና ትባላለች፤ ገና ወጣት ናት፣ ቦት ጫማዋ በጭቃ ተሞልቶ፣ ዝናቡ ጸጉሯን አበስብሶት ደረሰች። እኔም ሲሞንን ልጠብቀው ብዬ አብሬ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡበት አንድ ግንድ ብቻ ነበር፤ እሷ እሱ ላይ ተቀመጠች። ሲሞንን ባያችሁት! እንግዳ ግንድ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፤ ሰውየው በዚያ ብርድ አላበው። ሁለት ጊዜ ወደ ጓሮው በር ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ በኮቱ ጎትቼ አስቀመጥኩት። ግን ቃሉን ጠበቀ። "ፍራሽ አላችሁ?" "የለንም።" "ልጆቹ ጫማ አላቸው?" "የላቸውም።" ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጥርሱ የሚነቀል ነበር የሚመስለው፤ ግን ወጣ። ሀና ትጽፋለች። ቲጂ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ነው። እኔ በልቤ "አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ሚዛን ገባች" ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ሀና ገጹን ገልጣ "ይህን ክፍል የምትመልሰው ልጅቷ ራሷ ናት" አለች።

ጠዋት ሲሞን ማራናታን ጠርቶ፣ እኔ ባለሁበት፣ "ዛሬ የምትጠየቂውን ሁሉ እውነቱን ተናገሪ" ብሏታል። "እሺ አባዬ" ብላለች። ስለዚህ አልሰጋሁም። ማራናታ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ፊት ለፊት ቆመች፤ ታናናሾቿ ከቀሚሷ ጀርባ ተኮለኮሉ። ሀና ጥሩ ልብ ያላት ልጅ ናት፤ ልጆቹ እንዳይፈሩ ብላ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ከፈተችና ዘረጋችላቸው።

"እናመሰግናለን፣ በልተናል" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ከአንድ ቀን በፊት ከጣሪያቸው ጭስ አልወጣም ነበር።

ሀና ፈገግ ብላ ብስኩቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ጠየቀች። "ማራናታ፣ በዚህ ክረምት ምግብ ጠፍቶ፣ ተርበሽ የተኛሽበት ቀን አለ?"

ማራናታ አፏን ከፈተች። አባቷን ቀና ብላ አየችው። ሲሞን ልጁ እንድትናገር ከመጓጓቱ የተነሳ ፊት ፊቷን ተጠግቶ፣ አንገቱን አስግጎ፣ አይኑን አፈጠጠ። "በይ፣ ተናገሪ" ማለቱ ነው። ግን ያንን አይን ማራናታ ጡት ከተወች ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ትርጉሙንም ታውቀዋለች። አፏን መልሳ ገጠመች።

"የለም" አለች። "ሁልጊዜ ጠግበን ነው የምናድረው።"

"ጠግበን ነው" አሉ ትንንሾቹም።

"ውሸቷን ነው!" ብዬ ብድግ አልኩ። "ይህች ልጅ ትናንት አልበላችም!"

"እባክዎ እትዬ፣ ጎረቤት መመለስ አይችልም፤ ደንቡ ነው" አለችኝ ሀና፤ ከዚያ ግን ልቧ ጠርጥሮ መሰለኝ ወደ ሲሞን ዞረች። "አቶ ሲሞን፣ ልጅዎ ያለችው ትክክል ነው?"

ቲጂ መጸለዩን ትታለች። አንድ "አይደለም" ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሲሞን ልጁን አየ፤ በእንግዳ ፊት ውሸታም ሊላት ነው። አየኋት እኔም፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንዳስተማራት ቀጥ ብላ ቆማለች። ትከሻውን ሳብ አድርጎ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በሚቆምበት አቋቋም ቆመ።

"ልጄ አትዋሽም" አለ።

ሀና ጻፈች። ስትወጣ ብስኩቱን ግንዱ ላይ ትታ ነበር፤ ሲሞን በዝናብ ሮጦ መኪናዋ ድረስ አደረሰላት፣ "ረስተሽው ነው" ብሎ።

ሲመለስ ውኃ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። ቁጣ አልነበረውም፤ ማራናታ ፊት ተንበርክኮ "ልጄ፣ ለምን? እውነቱን ተናገሪ ብዬሽ አልነበር?" አላት።

"ልናገር ነበር አባዬ" አለችው። "አይንህን ሳየው ተውኩት።"

ሲሞን እጁን አይኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ መቼም አልነሳም ብዬ ፈርቼ ነበር። ልሰድበው ስንት ቀን የቋጠርኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ሄጄ ፔርሙሱን ከአልጋዬ ስር አወጣሁና ሻይ ሞልቼ አመጣሁላቸው።

መስከረም ላይ የማዶ ቀበሌ ልጆች በሱቄ በር ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደ ሚዛን አለፉ፤ የባለ ሁለት ቆርቆሮው ነጋዴ ልጅም አብሮ ነበር። የኛ ቀበሌ ደግሞ ሁለቴ ተጠንቶ ሁለቴም ደሃ ልጅ ስላልተገኘበት ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ተረፈ ለምስክር ወረቀቱ በዓል አግዳሚና ፔርሙስ ሰብስብ ብሎ ወደ ሲሞን ላከበት። ሲሞን አልመጣም። ተረፈ ራሱ አግዳሚውን ተሸክሞ ሲሄድ ሳየው ትንሽ ደስ አለኝ፣ ልክ ነው አልልም።

ማራናታ አሁን ሱቄ ውስጥ ትረዳኛለች። ጨው ትመዝናለች፣ ሻሚልን ሒሳብ ታስጠናለች፤ ሰው የለም ብላ ስታስብ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ታነባለች። እኔም በልተሻል ወይ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ቂጣውን ሰሃን ላይ አስቀምጥና ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ስራ ያለኝ መስዬ፣ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ቆየት ብዬ ስመለስ ሰሃኑ ታጥቦ ተደፍቷል።

"ምሳ እናቅርብ?" እላታለሁ።

"እኔ በልቻለሁ እትዬ ከድጁ" ትለኛለች። እውነቷን ነው።